ሁለት ቀንስ

ሌንጂሳ መጣ፣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት፤
«እትዬ አስካለ፣ ሜትርሽን አውሺኝ፣ ለአንድ አፍታ ናት።»
ደግሞ ምን ሊለካ? ወገብ የላት፣ ደረት፣
ግቢው ውስጥ የቆመች ያቺ የቱቦ ፍጥረት።

ሦስት ዓመት ሲበይዳት አየሁ ከመስኮቴ፤
በር የላት፣ ጣራ የላት፣ ቁመቷ እስከ መቀነቴ።
ሆዷ ውስጥ የጃፓን ሞተር ሳይክል ልብ ቀብሮ
ያሳድጋታል እንደ ልጅ፣ ምሳውን ቆጥቦ፣ ጾሙን አድሮ።
ስትነሳ እንደ መቶ ባጃጅ ትጮሃለች፣
ሲንጀሬ ደንግጣ ክሯን ትበጥሳለች።

«ምን ሆነች?» አልኩት።
«መርፌው ይዋሻል።»
መርፌ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም።
ይወጋ እንደሆን እንጂ፣ ይሰበር እንደሆን እንጂ፣
ምንጣፍ ሥር ገብቶ እግር ይጠብቅ እንደሆን እንጂ።

«ሞተሩ አሁንም በሁለት እግር የሚሄድ ይመስለዋል፣
የድሮ ጎማውን ዙር ዛሬም ይቆጥራል።
ይህች ጎማ ታንሳለች፣ ማርሹም ሌላ ነው፤
ቤት መቀየሩን ማንም አልነገረው።»

ታርጋ የላትምና ትራፊክ ሳይነቃ
በወንጂ መንገድ ወጥቷል፣ ሰዓት ሊይዝ በደቂቃ።
መርፌው ስልሳ ላይ ቆሞ፣ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ
ሰማንያ ሦስት ሰከንድ ፈጀ፣ ከስልሳው ላይ አልፎ፣ ብሶ።
ሸንኮራ የጫነ ተሳቢ ጥሩንባ ነፍቶ አለፈው።
«ስልሳ ብዬ የፎከርኩት
ለካ አርባ ሦስት ነው።»
ነፍሱን ይማረውና፣ ባለቤቴም
ደመወዙን ሲነግረኝ እንዲህ ነበር።

በልብስ ጠመኔዬ ጎማው ላይ መስመር ሠራ፣
አንዱን ደግሞ መሬት ላይ፣ ከጎማው ጋር ትይዩ፣ ጎራ።
«ሰው ካልተጫነው ልኩን አይሰጥም» ብሎ
እኔን አስቀመጠኝ፣ ቀሚሴን ከፍሬኑ አግልሎ።
ምንያምር ከኋላ ገፋ። አንድ ዙር። ጠመኔው ወርዶ መሬት ነካ።
እኔ ቲምብሌ ጣቴ ላይ፣ ዓይኔ ሰማይ፣ አላየሁም ሲለካ፤
«መቶ ሰባ ሁለት!» ሲል ብቻ ሰማሁ።
ትንሿን ሣጥን ከፍቶ ቁጥሩን በአዝራር አጎረሳት።

በማግስቱ ተመለሰ፣ ፊቱ እንደ ተጨማደደ በፍታ።
ስልሳ መሆን ሲገባው ስልሳ አንድ ሆኗል፤
ሦስቴ ሄዶ፣ ሦስቴም ያው።
አንዲት ሰከንድ!
የጎማውን አየር ጠረጠረ፣
ምሰሶውን የተከለውን ሰው ጠረጠረ፣ የገዛ ጣቱን።
ንፋሱንም፤ የአዳማን ንፋስ ማን አምኖት ያውቃል?
ኮረብታው ላይ ነጫጭ ክንፎች እየዞሩ አሽሟጠጡት።

ሜትሬን አንስቼ ጫፏን አሳየሁት።
«አንድና ሁለት የሉም» አልኩ፣ «አለቁ፣
በሰው ወገብ ሲታሹ ሃያ ዓመት፣ ተፍቀው ወደቁ።
እኔ ሁለት ቀንሼ ነው መቀስ የማነሳው።»

ዝም አለ። ቁልቁል እግሩን አየ።
«ሱሪዬስ ታዲያ?»
«ልክህ ነው፤ ቀንሼ ነው የቆረጥኩት።»
«አዲስ ሜትር መግዛት አቃተሽ?»
«ገዝቼ ነበር። እጄ በልማዱ ሁለት ቀነሰ፣
የሚዜዋ ቀሚስ ጠቦ፣ ሠርጉ ላይ ተተረተረ።
ለእጄም አልነገርኩትም፣ አንተ እንዳልከው፣ ቤት መቀየሩን።»

ማታ፣ ፀሐይ ሸንኮራው ውስጥ ስትገባ፣
ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ፣ ወጣን።
ምሰሶ።
አቧራው ጥርሴ ውስጥ፣ ሞተሩ ጀርባዬ ውስጥ።
ምሰሶ።
«ስልሳ!» ብዬ ጮህኩ። መርፌውን አየሁ፤ ስልሳ።
«አንቺስ ስንት ሞላሽ?» አለኝ በንፋሱ መሃል።
«ስልሳ ሁለት።»
ማርሽ ቀየረና ትንሽ አሰበ፣
ከዚያ መሪውን ሊለቅ እስኪደርስ ሳቀ።